በርገር ወይስ የበግ ጥብስ? ደብረ ብርሃን ላይ

በርገር ቤቶች በደብረ ብርሃን እየበዙ ነው፤ በርገራቸው ግን ያሳዝነኛል። ሥጋው ተፈጭቶ ፍሪዘር ውስጥ የከረመ፣ ስስ ነው። መጥበሻው ላይ ሲጫኑት ጭማቂውና ስቡ ፈስሶ ያልቃል፤ ድርቀቱን በማዮኔዝና በካቻፕ ይሸፍኑታል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ብርዳም ከተማችን ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የቀረችውም ስብ ትረጋለች።

ጥብሱን ስናይ፣ ሥጋው ልኳንዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ መርጠው ያስቆርጣሉ። የመንዝ በግ ላቱ ላይ ስብ ስለሚያከማች ከዚያ ጣል ካደረጉበት ዘይት አያስፈልገውም፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ይበቃዋል። ፍም ባለው ሸክላ ሲቀርብ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ትኩስ ነው። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ለመንገደኛ በርገሩ ይፈጥናል።

ግን ሥጋ ቤቱ ጎረቤት ሳለ፣ ትኩስ ሥጋ አስፈጭቶ ወፈር አድርጎ መጥበስ ምን ይከብዳል? ያንን እስኪያደርጉ እኔ ጥብሴን አዛለሁ።