«ለጎማ ጀልባ የተሠራ» የሚባለውን ባለ 5 ሊትር ጄሪካን እንዳትገዙ

ጣና ላይም ሆነ ሐዋሳ፣ ላንጋኖም ሆነ ባቦጋያ፣ ታቹ ፋይበር ጎኑ አየር የሚነፋ ጀልባ ያላችሁ ሁሉ ስሙ። መርካቶ ውስጥ «የጎማ ጀልባ ማጽጃ፣ ኦርጅናል የጣሊያን» እየተባለ በነጭ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን የሚሸጥ ፈሳሽ አለ። እንዳትነኩት። ማጽጃ አይደለም፣ ቲነር ነው። ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢው መርጫውን የሚያጥብበት ተራ ቲነር ላይ የሎሚ ሽቶ ጠብ አድርገው፣ ስቲከር ለጥፈው ነው የሚሸጡት። 6,500 ብር ተቀብለውናል። ብሩስ ይቅር፤ የጥምቀት ሰሞን ሥራ ደጅ ላይ ቆሞ የማኅበራችን ጀልባ ባህር ዳር ዳርቻ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። የግራ ጎኗን በጣት የነካ አሻራውን ትቶ ይሄዳል።

ሻጩን ስሙን ባልጠራም ታውቁታላችሁ። ሻይ የሚያዘው ነው። ዋጋ ሲጠየቅ «ላንተ ስለሆነ» ብሎ የሚጀምረው፣ «እናቴ ትሙት ኦርጅናል ነው» የሚለው፣ ደረሰኝ ሲባል ፊቱ የሚጠቁረው። «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንቱ እላዩ ላይ ይደመራል፤ ያለ ደረሰኝ በዚሁ ውሰዱት»፤ ይህቺን ያልሰማ ሰው መርካቶ ገብቶ አያውቅም። የሚነፋው የጀልባዋ ጎን ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ይሁን ሃይፓሎን የሚባለው ጎማ አልጠየቀንም። እኛው ስንነግረው «ጎማ ጎማ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» አለ። ስለ ጀልባ ምንም እንደማያውቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የሚያታልለው ማሳያው ነው። ከባንኮኒው ሥር ጥቁር ቅባት የነካው ግራጫ የፒቪሲ ቁራጭ አላቸው፤ ከጭነት መኪና ሸራ የተቆረጠ ይመስላል። የሱቁ ልጅ ጨርቅ በፈሳሹ ያርስና ቁራጩን አንድ ጊዜ ጠረግ ያደርገዋል። ጥቁሩ ከነዱካው ይጠፋል። «አያችሁ? ወተት አደረገው!» እውነት ነው፣ ያነጣል። ግን ቆሻሻውን አንስቶ ሳይሆን ፒቪሲውን ልጦ ነው የሚያነጣው። ጨርቁ ቢገለበጥ ከጥቁሩ ቅባት አጠገብ ግራጫ ቀለም ይታያል፤ ያ ግራጫ የሸራው የላይኛው ቆዳ ነው። ልጁ ግን ጨርቁን ጠቅልሎ ወዲያው ይጥለዋል። ማሳያ ሲያሳዩዋችሁ ቁራጩን ሳይሆን ጨርቁን እዩ።

ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ነገር ነው። የቤት የውሃ መስመር የሚዘረጋበት ግትር ቱቦ ያው ፒቪሲ ነው። የጀልባው ጎን ተጣጣፊ የሆነው ማለስለሻ ኬሚካል ስለተቀላቀለበት ነው። ቲነር ውስጥ ያሉት እነ ቶሉዊንና አሴቶን ይህን ማለስለሻ አሟሙተው ወደ ላይ ያወጡታል። የታጠበ ዕለት ያብረቀርቃል። በማግስቱ ፀሐይ ሲመታው ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል፤ ያጠበው ሰው ገና ያልጸዳ መስሎት ይደግመዋል፣ በደገመ ቁጥርም ይብሳል። እየቆየ ደግሞ ማለስለሻው ሲያልቅ ላዩ ይደርቅና መታጠፊያው ላይ በቀጭን በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ፀሐዩ ቆላ ካለው ባሕር ዳርቻ ይልቅ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ጉዳቱ ይፈጥናል።

ከቆዳው የባሰው መጋጠሚያው ነው። በእኛዋ ላይ መጀመሪያ የተላቀቀው የገመድ ቀለበቱ ልጥፍ ነው። ጠርዙ በጥፍር ልክ ተነሳ፣ ከሥሩ ቢጫው ማስቲሽ ረጥቦ ታየ። ቀጥሎ ቱቦው፣ ማለትም የሚነፋው ጎን፣ ከፋይበሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ከኋላ ሞተሩ አካባቢ። እዚያ ቦታ ላይ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ በጨርቅ አይደረስበትም፣ ስለዚህ ረጅም ሰዓት ማስቲሹን ሲበላ ይቆያል። አየር አላስተነፈሰችም፤ አምስቱም የአየር ክፍሎች ይይዛሉ። ግን ቱቦው ከፋይበሩ መላቀቅ የጀመረ ጀልባ ላይ ሰው ጭኖ ወደ ዘጌ የሚሻገር ካለ አእምሮውን ይመርመር።

እንግዲህ ጄሪካኑን ይዘን ወደ ሱቁ ተመለስን። ከግማሽ በላይ አለው። የጉዳቱን ፎቶዎችም ስልክ ላይ ከፍተን ባንኮኒው ላይ አደረግን። ባለቤቱ ፎቶዎቹን ዞር ብሎም አላያቸውም። «እስቲ ዕቃውን» አለና እጁን ዘረጋ። ሰጠነው። ስቲከሩ ሰማያዊ ነው፣ ጀልባ የተሳለበት፣ ከታች የጣሊያን ባንዲራ ሦስት ቀለም የተሰመረበት። የአውራ ጣቱን ጥፍር ከላይኛው ጥግ ሥር አስገባና ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ታች ላጠው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ብቅ አለ፦ ቀይና ነጭ፣ ግማሹ የተፋቀ፣ «ቲነር» የሚለው ግን ጥርት ብሎ የሚነበብ። እሱንም ፋቀው። ሁለቱን አንድ ላይ በመዳፉ አድቦልቡሎ ወደ ኋላ ወረወራቸው። ከዚያ ራቁቱን የቀረውን ጄሪካን ወደ እኛ ገፋ አድርጎ፣

«ይሄ የኛ ዕቃ አይደለም» አለ። «የኛ ዕቃ ስቲከር አለው።»

ዓይናችን እያየ! ልጁ ሳቀ። አጠገባችን ቀለም ይገዛ የነበረ ሰው እንኳ አፍሮ ወደ ስልኩ አቀረቀረ። «ደረሰኝ ይዛችኋል?» ቀጠለ ባለቤቱ፤ ደረሰኝ እንዳልቆረጠ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ዝም ስንል ደግሞ ለልጁ ጠቀስ አደረገና፣ «ጀልባ ያለው ሰው ለ6 ሺህ ብር ይጨቃጨቃል እንዴ? በሉ ጋሼ፣ መንገዱን ልቀቁ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል» አለ። ሻይ ያዘዘልን ሰውዬ ነው ይሄ! የሰው ልጅ በዚህ ፍጥነት ፊቱን ይገለብጣል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ዕቃው ላይም ምንነቱን የሚገልጽ መለያ እንዲኖር ያስገድዳል። ሰውዬው ይህን አያውቅም እንዳትሉ። ስለሚያውቅ ነው የላጠው።

አንዲት መከራከሪያ አለችው፣ እናንተም ትሰሟታላችሁ፦ «ጠጋኞቹ ራሳቸው በቲነር ነው የሚጠርጉት»። ግማሿ እውነት ስለሆነች ነው የምትሸነግለው። ጀልባ ጠጋኝ ልጥፍ ከመለጠፉ በፊት ቦታውን በአሴቶን ወይም ኤም ኢ ኬ በሚባለው ተመሳሳይ አሟሚ ይጠርጋል። ግን የሚጠርገው የልጥፉን ስፋት ብቻ ነው፣ ለሰከንዶች፣ በደረቅ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርጎ። የሚያደርገውም ላዩን ሆን ብሎ አለስልሶ ማስቲሹ እንዲነክስለት ነው። እሱ ለማጣበቅ የሚፈልገውን ጉዳት እናንተ ጀልባውን በሙሉ አልብሳችሁ ፀሐይ ላይ ታቆሙታላችሁ።

ሃይፓሎን ጀልባ ያላችሁ «እኛን አይነካም» እንዳትሉ። ዱፖንት የሚባለው ኩባንያ በዚህ ስም ይሠራ የነበረውን ጎማ ማምረት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁን በዚሁ ስም የሚጠራው ሌሎች የሚያመርቱት ተመሳሳይ ጎማ ነው። እርግጥ ከፒቪሲ ይልቅ ፀሐይንም ኬሚካልንም ይቋቋማል። ነገር ግን መጋጠሚያው ሁሉ በማስቲሽ የተያያዘ ነው፤ የፒቪሲው ግን ብዙውን ጊዜ በሙቀት የተበየደ ነው። ስለዚህ ቲነር የሃይፓሎኑን ቆዳ ቢምር እንኳ መገጣጠሚያውን አይምርም። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ከኋላ ያለው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ከሌለም ገጹን እዩት፦ ፒቪሲ ለስለስና ወዝ ያለው ነው፣ ሃይፓሎን ደብዘዝ ብሎ የጎማ ጠባይ አለው።

ባለቤቱ ካባረረን በኋላ ጎረቤት ሱቅ ደግሞ ሌላ ሊያሸክመን ሞከረ፤ የመኪና ዳሽቦርድ ፖሊሽ። «መጣበቁን ያጠፋዋል» አለ። ያጠፋዋል፣ ለሦስት ቀን። ሲሊኮን ያለበት ፖሊሽ ጎማው ውስጥ ይሰርግና ከዚያ ወዲያ ማስቲሽ አይዝበትም። አንድ ቀን ድንጋይ ቢቀድደው የሚለጠፍ ነገር አጣችሁ ማለት ነው። ደግሞም ያንሸራትታል፤ ከመርከቢያው ወደ ጀልባው የሚወርድ ተሳፋሪ የሚረግጠው ያንኑ ቱቦ ነው። በረኪናም ቀለሙን ያደበዝዛል፣ የገመዱንና የመቀመጫውን ስፌት ክር ያበሰብሳል፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ናፍጣና ላምባ የሞተር ቅባት ያስለቅቃሉ ብላችሁ ቱቦ ላይ እንዳታደርጉ። የዝገትና የሐይቅ ቢጫ እድፍ የሚያስለቅቀው ኦግዛሊክ አሲድ የፋይበሩ ነው፣ የቱቦው አይደለም፤ ስትቀቡትም ተጎታቹ ብረት ላይ እንዳይወርድ። የመኪና እጥበት የውሃ ግፊት ማሽንም እንደዚያው፦ አፉን ወደ ልጥፍ ጠርዝ ካዞራችሁት ቲነር ያልጀመረውን ይጀምራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። የምግብ መያዣ ነጭ ፎም ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ጥቂት ጠብታ አንጠባጥቡበት። ውስጡ ቶሉዊን ወይም አሴቶን ካለ ፎሙ ዓይናችሁ ሥር ይሟሟል፤ ሳሙና ከሆነ ምንም አይሆንም። ሌላው፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨምራችሁ በጥብጡት፤ የሳሙና ማጽጃ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፣ ቲነር ለብቻው ተንሳፍፎ ይቀመጣል ወይም ውሃውን ያደፈርሰዋል። ሻጩ «አይቻልም» ካለ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ። ስቲከሩን ደግሞ እዚያው ባንኮኒው ላይ ጥጉን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት።

የሚያስፈልገው እንኳ ይህን ያህል አልነበረም። ቱቦው በአየር ሞልቶ፣ ፋብሪካው የሚለው ግፊት ላይ ደርሶ፣ ብዙውን ጊዜ 0.24 ባር አካባቢ፤ መታጠፊያ ውስጥ ቆሻሻ እንዳይደበቅ። በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ኦሞ አይሆንም፣ ያልሟሟው ፍሬ ይፍቃል። ለስላሳ የመኪና ብሩሽ ይዛችሁ በጥላ ሥር ግማሽ ሜትር እያሻሻችሁ ሳይደርቅ በንጹሕ ውሃ አውርዱት። ሻጋታ ካለው አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል፣ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ማጠብ። ቤንዚን ከፈሰሰ አትጠብቁ፣ ወዲያው በሳሙና። እምቢ ያለ እድፍ ላይ የፋርማሲ አልኮል በጨርቅ ጫፍ፣ ጠረግ አድርጎ ማጠብ፤ መጀመሪያ ግን ከሥር በማይታይ ቦታ ሞክራችሁ እስከ ማግስቱ ቆዩ።

ፈሳሹን አስቀድማችሁ የቀባችሁ ካላችሁ አቁሙ፣ በብዙ ሳሙናና ውሃ እጠቡት፣ አየሩን ሳታስተነፍሱ ጥላ ውስጥ ይሰንብት። ትንሽ የተጣበቀ ከሆነ ሊቀንስ ይችላል፤ ከቱቦው ቆዳ ሥር ያለው ጨርቅ ክሩ መታየት ከጀመረ ግን አይመለስም። ጠጋኝ ጋር ስትወስዱት ምን እንደቀባችሁ ንገሩት። ለፒቪሲ የሚሆነው ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ማስቲሽ ነው፣ የጫማ ማስቲሽ አይደለም። ከለጠፈ በኋላም ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነፋ መቆየት አለበት፤ «በሁለት ሰዓት አደርስላችኋለሁ» የሚል ጠጋኝ ከገጠማችሁ ጀልባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።