ጋሼ ችግኝ፣ እጅዎ ይባረክ!

ባሕር ዳር ውስጥ በበርሜልም በባልዲም ዛፍ የምታሳድጉ ካላችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ፔዳ አካባቢ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አባት አሉ። ሰፈርተኛው «ጋሼ ችግኝ» ይላቸዋል። የእኛን መንደሪን ከሞት ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

መንደሪኑን የገዛነው ከሌላ ሻጭ ነው፤ በቀለም ባልዲ ተተክሎ ነበር የመጣልን። መጀመሪያ ደህና ነበር። ቆይቶ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ማቆጥቆጡንም ተወ። የጠየቅነው ሰው ሁሉ «ማዳበሪያ ግዙለት» ይለናል። ጋሼ ግን ገና ሲያዩት «በምን አፉ ሊበላው?» አሉ። ባልዲውን አጋድመው፣ ጎኑን መታ መታ አድርገው፣ ዛፉን ከነአፈሩ አወጡት። ለካ የተከለው ሰው ጥቁሩን የችግኝ ፕላስቲክ ሳያወልቅ ነው የቀበረው! ሥሩ መውጫ አጥቶ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ባልዲውም ከታች አልተበሳም።

ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደዱት። ሥሩን በጣታቸው ቀስ ብለው ፈቱ፣ የበሰበሰውን ቆረጡ፣ ባልዲውን በሱት። የግቢያችንን ዋልካ አፈር እንዳንጠቀም ከለከሉን፤ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቀሉ። ጎረቤታችን «ከጣና እምቦጭ ላምጣ?» ቢላቸው፣ «መጀመሪያ ይበስብስ፣ ትኩሱን እንዳታስጠጋው» አሉት። ግንዱ የተዳቀለበትን ቦታ፣ ማለትም መንደሪኑ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ የተቀጠለበትን፣ ከአፈር በላይ አስቀሩት። ከእሱ በታች የበቀለውን እሾሃም ቅርንጫፍ ነቅለው ጣሉት። መንደሪን አይደለማ! የታችኛው ዛፍ ነው፣ ከተውት ላይኛውን ያቀጭጨዋል።

ውኃ ላይ ጥብቅ ናቸው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ «በቀን አንድ ጆግ» ብሎ ነገር የለም። ጣት ይገባል፤ ውስጡ ርጥብ ከሆነ አይጠጣም። ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪንጠባጠብ ይጠጣል። ክረምት ላይ ቀዳዳው እንዳይደፈን ባልዲው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

ለጥቂት ቀን ጥላ ሥር አቆዩት ብለውን አቆየነው። «ቢጫውን ቅጠል ትታችሁ አዲሱን ተመልከቱ» ያሉትም ልክ ነበር፤ አሁን ጫፉ ላይ ለምለም ቅጠል አውጥቷል።

እንከን የላቸውም አልልም። ወሬ ይወዳሉ፣ ሰዓት ላይ ደግሞ እንጃ! ጠዋት እመጣለሁ ካሉ ምሳችሁን ብሉና ጠብቋቸው። የተቀበሉን ገንዘብ ግን ግዙ ከተባልነው ማዳበሪያ ዋጋ ያነሰ ነው። የሚሸጡት ችግኝ እያላቸው «ይኼ ይድናል፣ ሌላ አትግዙ» ያለኝ ነጋዴ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ገበያ ስለሚውሉ አያነሱም። ሰኔ ሳይገባ ብትደውሉ ይሻላል፤ ከዚያ ወዲያ ችግኝ ፈላጊው ይበዛባቸዋል።