ኤሚል ወይስ የዌስቲንግ ጨዋታ?

ከ10 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የምስጢር ልብ ወለድ ስንመርጥ፣ ልጁ ሌባ ማሳደድ ነው ወይስ እንቆቅልሽ መፍታት የሚወደው?

የኤሪክ ኬስትነር «ኤሚል እና መርማሪዎቹ» (1929) የማሳደድ መጽሐፍ ነው። ኤሚል ወደ በርሊን ሲጓዝ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ፀጉር ሠሪ እናቱ ለፍታ ያጠራቀመችው 140 ማርክ ይሰረቃል። ሌባውን ወዲያው ይጠረጥራል፤ የሚያስጨንቀው ማስረጃው ነው። የከተማው ልጆች ሥራ ተከፋፍለው ይከታተሉታል። ትንሹ ልጅ ስልክ እንዲጠብቅ ይመደባል፤ ደስታው ሁሉ ውጭ እያለ ቦታውን አይለቅም። ይህን ክፍል ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ።

የኤለን ራስኪን «የዌስቲንግ ጨዋታ» በ1979 የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት የሆነውን የኒውበሪ ሜዳልያ አግኝቷል። 16 ወራሾች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በቃላት ፍንጭ የአንድ ባለጸጋ ሞት ምስጢር ይፈታሉ። ብልሃቱ ያስደንቃል። ነገር ግን ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ ፍንጮቹም በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ላይ የቆሙ ስለሆኑ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ መሃል ላይ ሊሰለች ይችላል። በእንግሊዝኛ ያደገ፣ ስሞችን ወረቀት ላይ እየጻፈ የሚያነብ የ12 ዓመት ልጅ ግን ይደሰትበታል።

ለብዙው ልጅ ግን ኤሚልን አስቀድሙ።