ኤክስፒ አልጫን ሲል፦ ባዮሱን መቀየር ወይስ ድራይቨር መጨመር?

ዊንዶውስ ኤክስፒን እንደገና ስትጭኑ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ቀጥ አለ? የስህተት ቁጥሩ በ7ቢ ካለቀ፣ ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ ብላችሁ ቶሎ አትደንግጡ። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የመጫኛ ሲዲው የኤኤችሲአይ (ከሃርድ ዲስክ ጋር የሚገናኙበት አዲሱ ስልት) ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ስለሌለው ዲስኩን ላያየው ይችላል።

እኔ ሁሌም የምጀምረው ከባዮሱ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ከሚገባበት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ2 ወይም ዲሊት ተጭናችሁ ግቡ። የሳታውን (የሃርድ ዲስኩን ማገናኛ) ሞድ ከኤኤችሲአይ ወደ ድሮው ስልት ወደ አይዲኢ ቀይሩና ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ደቂቃም አይፈጅ። ብቻ ዲስኩ ላይ ሌላ ዊንዶውስ ካለ፣ እሱ በተራው አልነሳም ሊል ይችላል።

አይዲኢ የሚል ምርጫ ከሌለ ኤንላይት በሚባለው ፕሮግራም ድራይቨሩን ከኤክስፒ ፋይሎች ጋር ጨምሮ አዲስ ሲዲ በርን ማድረግ ይሻላል። ይሄኛው ሌላ የሚሠራ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ከቺፕሴቱ (ከማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ጋር የሚገጥመውን ድራይቨር መፈለጉ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል።