«ባለ 5 የፈረስ ጉልበት» የሚባለውን ኮምፕሬሰር ሳትፈትኑ እንዳትገዙ

ጅማ ውስጥ በግቢያችሁ ትንሽ ወርክሾፕ ያላችሁ፣ በተለይ ፈርኒቸር ለመቀባት ኮምፕሬሰር (አየር አምቆ መሣሪያ የሚያሠራ ማሽን) ልትገዙ ገንዘብ የቋጠራችሁ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሰሞኑን በቴሌግራምና በደላላ «ባለ 5 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 50 ሊትር፣ ሁሉንም የአየር መሣሪያ ያሠራል» እየተባለ የሚዞር ቀይ ኮምፕሬሰር አለ። 5 አይደለም። 3ም አይደለም። የተቃጠለ ሞተር መጠቅለል ሥራዬ ስለሆነ ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ 2 እንኳ አይሞላም።

ታንኩ ላይ በትልቁ የተለጠፈውን ስቲከር ተዉትና ሞተሩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ጽሑፍ (ፕሌት) ፈልጉ። አምፔሩ እዚያ ተጽፏል። እኔ ያየሁት ላይ 8.5 ይላል። በ220 ቮልት ስታባዙት 1,870 ዋት ይሆናል፤ ይህ ከመስመር የሚስበው ነው። ሞተር የሳበውን ሁሉ ጉልበት አያደርገውም፤ ሩብ ያህሉ ይባክናል፣ የሚቀረው 1,400 ዋት ገደማ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነውና ቀሪውን ሒሳብ ራሳችሁ ጨርሱት። የምር 5 ቢሆን ኖሮ ከ20 አምፔር በላይ ይስብ ነበር። የቤታችን ሶኬት ደግሞ ቢበዛ የሚችለው 16 ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ተራ ሶኬት ላይ ሰክተህ ትሠራበታለህ» እያለ በዚያው አፉ 5 ፈረስ ካላችሁ፣ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።

የጉልበቱ ነገር ግን የችግሩ ግማሽ ነው። መሣሪያ የሚሠራው በአየር ስለሆነ፣ ዋናው ጥያቄ «በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል?» የሚለው ነው። ካርቶኑ ላይ 200 ሊትር በደቂቃ የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ ፒስቶኑ የሚጠርገው አየር እንጂ በ7 ወይም 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት በቱቦው የሚወጣላችሁ አይደለም። እንዲህ ካሉ ትንንሽ ኮምፕሬሰሮች የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካው ቁጥሩን የሚሰጠው በባሕር ወለል አየር ነው። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን መሣሪያዎቹ የሚፈልጉትን ተመልከቱ። ሚስማር መምቻ ብዙ አየር አይበላም፤ ተኩሶ ያርፋል። ጎሚስታ ቤት የምታዩት ብሎን መፍቻ ከ110 እስከ 150 ሊትር በደቂቃ ይወስዳል፣ እሱም እያረፈ ስለሚሠራ ይቻላል። ለቫርኒሽ የምንጠቀምበት መደበኛ መርጫ ግን እንደ ዓይነቱ ከ200 እስከ 400 ይፈልጋል። የአየር ሰንደር (እንጨት ማለስለሻ) ደግሞ 300 እና ከዚያ በላይ፣ ያውም ያለ እረፍት።

ይህን ስትነግሩት ደላላው «ታዲያ ባለ 100 ሊትሩን ውሰድ» ይላችኋል። አትሸወዱ። ትልቅ ታንክ አየር አያመርትም፤ ውኃ ሳይመጣ ግቢ ውስጥ ትልቅ ሮቶ እንደ ማቆም ነው። 50 ሊትር ታንክ ከ8 ባር ወደ 6 ባር ሲወርድ የሚሰጣችሁ 100 ሊትር አየር ብቻ ነው። ሰንደሩ በደቂቃ 300 እየበላ ኮምፕሬሰሩ 110 ቢያስገባ፣ ግማሽ ደቂቃ ሠርታችሁ ትቆማላችሁ። ታንኩን በእጥፍ ብታሳድጉት አንድ ደቂቃ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ለመሙላት ደግሞ ሁለት እጥፍ ትጠብቃላችሁ። ሞተሩም ሳያርፍ ይነዳል። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ የተቃጠሉት በዚህ ነው፤ ቀጭን ኤክስቴንሽንና ማታ ማታ የሚወርደው ቮልቴጅ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። ጥቅልሉን ስፈታው «ንጹህ መዳብ ነው» የተባለው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሆኖ ያገኘሁት አለ። ላዩን ፋቅ አድርጋችሁ ብታዩት ነጭ ነው።

ሱቁ ውስጥ ልትሠሩት የምትችሉት ፈተና ስልካችሁን ብቻ ይፈልጋል። መውጫውን ዘግታችሁ አስነሱት። የግፊት ጌጁ 5 ባር ላይ ሲደርስ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ጀምሩ፣ 8 ባር ላይ አቁሙ። የታንኩን ሊትር በ3 (8 ሲቀነስ 5) አባዙና በፈጀው ደቂቃ አካፍሉ። ባለ 50 ሊትሩ 75 ሰከንድ ከወሰደበት፣ 150 ለ1.25 ሲካፈል 120 ሊትር በደቂቃ ነው። ይህ ቁጥር እዚሁ ጅማ አየር ላይ የተለካ ስለሆነ የከፍታውን ጉድለት አብሮ ይዟል፤ የመርጫው ወይም የሌላው የአየር መሣሪያ ካርቶን ላይ ካለው ቁጥር ጋር በቀጥታ አስተያዩት። «መብራት የለም»፣ «ዘይት አልተጨመረበትም»፣ «ካርቶኑ ከተከፈተ ዋጋው ይቀንስብኛል» የሚሉ ሰበቦች ይመጣሉ። መብራት እስኪመጣ ጠብቁ፤ ዘይቱንም ራሳችሁ ግዙለት። እምቢ ካለ ውጡ።

ሌላው ደረሰኝ ነው። «5 ኤችፒ (የፈረስ ጉልበት) ብለህ ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ» በሉት። ቴሌግራም ላይ በድፍረት የጻፈው ሰው እዚህ ሲደርስ ብዕሩ ይከብደዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ነገር ግን ያለ ደረሰኝ የምትሄዱበት ክርክር አድካሚ ነው።

አሮጌ ኮምፕሬሰር ታድሶ ከመጣላችሁ ደግሞ ከሞተሩ በፊት ታንኩን እዩ። የእኛ ከተማ ዝናብና እርጥበት የበዛባት ናት፤ የታመቀ አየር ውኃውን ታንኩ ሥር ይጥለዋል፣ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ከላይ የተቀባው አዲስ ቀለም ምንም አይነግራችሁም። ከሥር ያለችውን ማፍሰሻ ክፈቱ፤ ቡናማ ዝገት ያዘለ ውኃ ከወረደ ወይም ታንኩ ላይ የተበየደ ቦታ ካያችሁ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት። በ8 ባር የሚፈነዳ ታንክ ሰው ይገድላል። የደህንነት ቫልቩን ቀለበት ሳብ ስታደርጉት አየር መተንፈስ አለበት፤ የደረቀ ወይም በብሎን የተደፈነ ከሆነ ያው ነው።

ለሚስማር መምቻ፣ ለጎማና አቧራ ለማራገፍ ከሆነ ሐቀኛ ባለ 2 ፈረስ ይበቃችኋል። ቁም ሳጥን፣ አልጋና በር ለመቀባት ካሰባችሁ ግን በፕሌቱ 2.2 ኪሎዋት ያለው፣ በቺንጋ የሚዞር፣ 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ታንክ ያለውን ፈልጉ፤ የራሱ ብሬከርና ወፍራም ገመድ ይኑረው። በፈተናው ከ200 በታች ከሰጠ አትክፈሉበት። የአየር ሰንደር የሚባለውን ግን እኔ ለቤት ወርክሾፕ አልመክርም። አየር ማመቅ መብራት የሚያባክን ሥራ ነው፤ 300 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ሰንደር የዋንዛ ጣውላችሁን ባለ 3 ፈረስ ኮምፕሬሰር ላይ ከተንጠለጠለው እኩል ያለሰልስላችኋል።

ቀዩን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አትጣሉት። መርጫችሁን አየር በሚቆጥብ ትንሽ አፍ ቀይሩ፣ ሞተሩ የሠራውን ያህል ጊዜ እንዲያርፍ አድርጉ፣ ቫርኒሹ ላይ ውኃ እንዳይረጭባችሁ ቱቦው መነሻ ላይ የውኃ ማጣሪያ ግጠሙ፣ ማታ ሥራ ስትጨርሱም ታንኩን አፍስሱ። በኤክስቴንሽን አትጠቀሙ፤ ሩቅ ከሆነባችሁ የአየር ቱቦውን አስረዝሙ።