ያገለገለ መኪና፦ ከሐራጅ ይሻላል ወይስ ከባለቤቱ?

ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በሽ ነው። ብድሩ ሳይመለስ ሲቀር በመያዣነት የተያዘው መኪና በሐራጅ ይሸጣል፤ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ወይም ሪፖርተር ላይ ይወጣል። ያኔ ስልኬ ይጮሃል። «ሐራጅ ላይ ርካሽ ነው አሉ፣ ልግባ?» እኔ ደግሞ መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ገንዘቡ እጅህ ላይ ነው? መኪናውን ነገ ጠዋት ትፈልገዋለህ?

የባንክ ሐራጅ ገንዘብ ላይ አይታገስም። ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ታስይዛላችሁ። መነሻው 1 ሚሊዮን ብር ከሆነ 250 ሺህ ብር ማለት ነው። ካሸነፋችሁ ቀሪውን አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ትከፍላላችሁ፤ ካልከፈላችሁ ማስያዣው ቀረ። ባለቤት ግን ሰው ነው፣ ይነጋገሩታል። ቀብድ ይቀበላል፣ «ቀሪውን ስሙ ሲዛወር» ብትሉት ይስማማል። ዕቁብ እስኪወጣለት የሚጠብቅ ሰው ሐራጅ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ።

ትልቁ ልዩነት ማየቱ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ባንክ ግቢ የቆመ ቪትዝ ልናይ ሄድን። መካኒክ ይዘናል። መኪናው ወራት ቆሟል። ባትሪው ሞቷል፣ የፊት ጎማዎቹ ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። መንዳት አይፈቀድም። መካኒካችን የዘይት መለኪያዋን መዘዘ፣ በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ፓራፋንጎው ላይ አስጠጋ። አንድ ቦታ ላይ አልያዘም። «እዚህ ጋ ስቱኮ አለ፣ ተመቷል» አለን። ከቀለሙ ምንም አይታወቅም ነበር። ሞተሩንና ካምቢዮውን ግን በምን ይወቀው? የሐራጅ ማስታወቂያ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይህ ነው። ከገዛችሁ በኋላ ለሚወጣው ብልሽት የምትጠይቁት ሰው የለም።

ከባለቤት ስትገዙ መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱና አስነሱት። ዳገት ላይ ውጡበት። ማርሚታው ምን ዓይነት ጭስ እንደሚያወጣ ከኋላ ቆማችሁ እዩ። ደላላው ቢቸኩል እንኳ እናንተ አትቸኩሉ።

ወረቀቱ ላይ ሲመጣ ሐራጅ ያሸንፋል። ባንኩ ራሱ ስለሚሸጠው የስም ዝውውሩን ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ከግለሰብ ስትገዙ ግን ዕዳና እግድ እንደሌለበት መጀመሪያ ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። የሻንሲ ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር ሊብሬውን ይዛችሁ አመሳክሩ። ሻጩ በውክልና ከመጣ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል ወይ? አሁንም ጸንቶ አለ ወይ? ይህን ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። እኔ ሰው ሲጎዳ ያየሁት ከሞተር ይልቅ በወረቀት ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ በታሸገ ኤንቨሎፕ ይሸጣሉ። አንዴ ዋጋ ትጽፋላችሁ፣ አበቃ። እዚህ በጣም የምፈራው ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ነው። ዋጋው ይማርካል፤ ቀረጡን የሚከፍለው ግን ገዢው ከሆነ ርካሽነቱ ይጠፋል። ማስታወቂያው ላይ «ቀረጥ» የምትለዋን ቃል ፈልጓት። ተጨማሪ እሴት ታክስና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍልም እንዲሁ።

ርካሽነቱስ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እዚሁ ያሉት ቪትዝና ኮሮላ ተፈላጊ ሆነዋል። ሐራጅ አዳራሽ ውስጥ ጎናችሁ የሚቀመጠው ሰው ጋራዥ ያለው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። የሱማሌ ተራን የመለዋወጫ ዋጋ በቃሉ ያውቃል፣ ጥገናውን ራሱ ይሠራዋል። ለእሱ የሚያዋጣው ዋጋ ለእናንተ ላያዋጣ ይችላል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ጎማ፣ ባትሪና ጥገና ደምራችሁ ጣሪያችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ወንድሜ እንደዚያ አደረገ። ዋጋው የጻፈውን ሲያልፍ እጁን አወረደ፣ ሲፒኦውንም መለሱለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሜክሲኮ አካባቢ ከአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ኮሮላ ገዛ። ትንሽ ጨምሮ ነው የገዛው፤ ግን ልጆቹን በማግስቱ ትምህርት ቤት አደረሰበት። እሜቴ የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹን በፌስታል ቋጥረው አብረው ሰጡት።