ስም የሌላት የቱሉ ዲምቱ ሽሮ ቤት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ምሳ ሰዓት ከደረሰባችሁ የምልካችሁ ወደ አንዲት ቤት ነው። አድራሻዋን መናገር ግን ይከብዳል። በሯ ላይ «ምግብ ቤት» ከሚለው በቀር ስም የለም። ዳቦ ቤቱን ጠይቁ፤ ከጎኑ ናት። ከብሎኩ ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ፣ በጣት የሚቆጠሩ ጠረጴዛዎች፣ በር ላይ የጀበና ቡና። በቃ።

መጀመሪያ ምግቡ። ተጋቢኖው በሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል። በሶብላውም ኮረሪማውም አለበት፤ ግን የሽሮውን ጣዕም አልሸፈኑትም። ቃሪያው ስንግ ነው፣ ሽንኩርቱ በደንብ የታጨቀበት። በያይነቱ ላይ ምስሩና ጎመኑ አንደኛ ናቸው። ፎሶሊያው ግን በዘይት ተጥለቅልቋል። ቀይ ሥሩም ጨው የነካው አይመስልም። ጥብስ ካማራችሁ ሌላ ቤት ሂዱ፤ እዚህ ሥጋ አይሠራም።

ሥጋ አለመኖሩ ለቤቷ በጅቷታል ባይ ነኝ። የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ በሚበላበት ከተማ፣ ሽሮና በያይነቱ ላይ ሁሉም ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎች፣ ሂጃብ ያደረገችውም ነጠላ ያጣፋችውም፣ አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ ታያላችሁ። ጿሚውም ድስቱ ምን ነክቶት ይሆን ብሎ አይጨነቅም። ቅቤ ለሚፈልግ ሸክላው ለብቻው ነው፤ እንዳይምታታ እጀታው ላይ ክር ታስሮበታል።

አሁን ወደ እንጀራው። ጄሶ ስለገባበት እንጀራ፣ ሙዝና የፓልም ዘይት ስለተቀላቀለበት ቅቤ ስንሰማ ኖረናል። ውጭ የሚበላ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እኔም ባለቤቲቱን ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ እንጀራው ንጹህ ጤፍ ነው?»

«አይ የኔ ልጅ፣ ሩዝ አለበት። ጤፍ ብቻ ላድርገው ብል በዚህ ዋጋ አላበላችሁም።»

ሌላው ቢሆን «ማኛ ነው!» ብሎ ይምልላችኋል። እሷ እህሉን የምታስፈጨው እዚያው ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። ወረፋ ላይ አብረዋት የሚቆሙት ጎረቤቶቿ ምን ያህል ጤፍ፣ ምን ያህል ሩዝ እንደያዘች ያያሉ። ብትዋሽ ማታውኑ ሰፈሩ ይሰማል። መብራት ጠፍቶ ሳትጋግር ካደረች ደግሞ ገና ሳትቀመጡ «እንጀራው የትናንት ነው፣ ይሁን?» ትላለች። አንዳንዱ ይወጣል። ግን በማግስቱ ያው ሰውዬ ተመልሶ ሲጎርስ ታገኙታላችሁ።

ሂሳቡም ከዚህ አይለይም። ዋጋው ግድግዳ ላይ በማርከር ተጽፏል፤ ያያችሁትን ትከፍላላችሁ። መሀል ከተማ አንድ ቤት በልቼ፣ ከሜኑው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ የአገልግሎት ተደምሮ መጣልኝ። ስጠይቅ ሜኑው ሥር በደቃቅ ፊደል መጻፉን አሳዩኝ። ሕጋዊ ይሆናል፤ ተመልሼ ግን አልሄድም። እዚህ ዋጋ ሲጨምር ሳምንት ቀድሞ «ከሰኞ ጀምሮ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ሰው ትንሽ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይበላል።

ዱቤም አለ። የግንባታ ሠራተኞችና ደመወዝ ጠባቂዎች የሚበሉበት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የበላውን የሚጽፈው ራሱ በላተኛው ነው፣ እሷ ከጎኑ ትፈርማለች። ወር ሲሞላ ታዲያ ጭቅጭቅ የለም። የቴሌብር ክፍያ ግን ስልኳ ላይ ሳይገባ አያልፍም። ልክ ናት፤ በሐሰተኛ መልእክት የተሸወዱ ባለሱቆች ብዙ ናቸው።

ኮንዶሚኒየም መቼም በዕጣ ነው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከጉለሌ መጥቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ደረጃ ይጋራል። እዚህ ብሎክ ሰዎቹ የተዋወቁት በዚህች ቤት ምሳ ላይ ነው፣ እድሩን ለማቋቋም የተሰበሰቡትም እዚሁ ነው አለችኝ ቡና የምታፈላው ልጅ። ለቅሶ ሲኖር ትልልቆቹ ድስቶች ድንኳን ውስጥ ናቸው። የዚያን ቀን ቤቱ ይዘጋል፣ ማስታወቂያም የለም። ሰፈርተኛው ያውቃል፤ ሥራዋንም ያከብርላታል። እንደኔ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ግን ዝግ በር ሲገጥመው ይናደዳል። ዋጋ ሲጨምር የሚለጠፈው ወረቀት ለዚህም ይለጠፍ።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እጅ የምትታጠቡት ከጄሪካን ነው። እሱስ ይሁን፣ ሳሙናው አልቆ አገኘሁት። ወንበሮቹ ደግሞ ረጅም ጨዋታ አያስችሉም፤ ወገባችሁን ትይዛላችሁ። ምናልባት ሆን ተብሎ ይሆናል፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

ተጋቢኖ 150 ብር፣ በያይነቱ 180፣ ቡና 25። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ ለምትመጡ ከክፍያ ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ረቡዕና አርብ ከሆነ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። ተማሪዎቹ ከክፍል ከወጡ ወንበር አይገኝም፣ ሱፍ ፍትፍቱም ያልቃል።